እርሳስ የማይቀበል ወረቀት፦ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ብሮሸር ሁለት ኅትመቶች ሲገመገሙ

የምሠራበት ቡና ላኪ ድርጅት አንድን ባለ 16 ገጽ ብሮሸር በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳትሟል። ጽሑፉ፣ ፎቶግራፎቹና የገጽ አቀማመጡ ከጥቂት እርማት በስተቀር በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። የተለወጡት ማተሚያ ቤቱ፣ ወረቀቱ እና ከማሽን ከወረደ በኋላ የተሠራለት ማጠናቀቂያ ናቸው። ሁለቱንም ሥራዎች ከዋጋ ጥያቄ እስከ ርክክብ የተከታተልኩት እኔ በመሆኔ፣ አንድ ዲዛይን በወረቀት ምርጫ ምክንያት ምን ያህል ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማየት ችያለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ነው። የማተሚያ ቤቶቹን ስም አልጠቅስም። ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኙ መካከለኛ ድርጅቶች ናቸው፤ እዚህ የምገመግመው የሰጡኝን ወረቀትና የእጃቸውን ሥራ ነው፤ ለአንባቢም የሚጠቅመው በየትኛውም ማተሚያ ቤት ባንኮኒ ፊት ሲቆም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ብሮሸር ይዘን የሄድነው ዱባይ ውስጥ ለተካሄደ የቡና አውደ ርዕይ ነበር። ገዢዎች በቅምሻው ጠረጴዛ ዙሪያ እየዞሩ ማንኪያቸውን ከስኒ ወደ ስኒ ሲያሻግሩ በሌላኛው እጃቸው የእኛን ብሮሸር ይዘው ነበር። አንዱ ገዢ የታጠበውን ይርጋጨፌ ከቀመሰ በኋላ ብሮሸሩን በዚያው ቡና ገጽ ከፍቶ፣ ከስሙ አጠገብ አንድ ነገር ሊጽፍ እርሳሱን አሳረፈ። እርሳሱ ተንሸራተተ፤ ይህ ነው የሚባል ምልክትም አልተወም። እስክሪብቶ ሰጠነው፤ ቀለሙ በሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ተለቀለቀ። በመጨረሻ ማስታወሻውን በአንድ ቁራጭ ተራ ወረቀት ላይ ጻፈና ብሮሸራችንን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። በዚያ ቀን ተመሳሳይ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ብሮሸሩ ሲታዘዝ በስብሰባችን ላይ ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ቀለምና ስለ ሽፋኑ ድምቀት ረጅም ሰዓት ተነጋግረናል፤ የሚይዘው ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ግን አንዳችንም አላነሳንም። የቡና ገዢ ደግሞ የሚቀምሰውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሥራው ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ዝርዝሩ ሲነበብ የሚያጓጓ ነበር። መጠኑ ኤ5 (የኤ4 ግማሽ)፣ የውስጥ ገጾቹ 170 ግራም ግሎሲ ማለትም የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ሽፋኑ 300 ግራም ሆኖ በውጭ ፊቱ በማት ላሚኔሽን (በማያብረቀርቅ ስስ የፕላስቲክ ፊልም) የተለበጠ፣ የድርጅቱ ስም በወርቃማ ፎይል የታተመበት፣ ከፊት ሽፋን ተነስቶ ጀርባውን እስከሚዞረው ድረስ የተዘረጋው የቡና ቅርንጫፍ ሥዕልም በስፖት ዩቪ (በተመረጠ ቦታ ላይ ብቻ በሚቀባ አንጸባራቂ ቫርኒሽ) እንዲያብረቀርቅ የተደረገ ነበር። ብዛቱ 1,000 ፍሬ ነው። በከተማችን ማተሚያ ቤቶች «ጥራት ያለው ብሮሸር» ሲባል ብዙውን ጊዜ ለደንበኛ የሚቀርበው እንዲህ ያለው ጥቅል ነው፤ እኛም ያለ ማመንታት ተቀበልነው።

ፎቶግራፎቹ በእርግጥ አምረው ወጥተዋል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የግሎሲ ወረቀት ፊት እንደ ካኦሊን ባለ ነጭ ሸክላና በካልሲየም ካርቦኔት ይለበጥና በሮለሮች መካከል እየተጨመቀ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የኅትመት ቀለሙ ወደ ቃጫው ብዙ ሳይሰርግ ከላይ ይቀራል፣ ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦችም ጠርዛቸውን ጠብቀው ይቆያሉ። የበሰለው ቡና ፍሬ ቅላት፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና፣ ከጀርባው ያለው ጭጋግ የሸፈነው ደን ሁሉም ደምቀውና ጠርተው ይታያሉ። ብሮሸሩን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ቆሞ ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ ወረቀት የለም።

ጉድለቱ የታየው ከካርቶኑ ወጥቶ በሰው እጅ መዞር ሲጀምር ነው። የአዳራሹ መብራት ከላይ በቀጥታ ስለሚወርድ በገጹ ላይ እያንጸባረቀ አንባቢው ጽሑፉን ለማየት ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ እንዲያዘነብል አስገድዶታል። የሽፋኑ ቀለም ጠቆር ያለ ቡኒ ነበር፤ ማት ላሚኔሽን በጠቆረ ቀለም ላይ የእያንዳንዱን ጣት ቅባት ያሳያል፣ ቅጂዎቹ በካርቶን ውስጥ እርስ በርስ ሲፋተጉም የነጣ ጭረት ያወጣል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ጭረት የሚቋቋም ፊልም እንዳለ በኋላ ተነግሮኛል፤ ያ ካልተገኘ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡኒ ሽፋንን በማት ላሚኔሽን ማስለበጥ ለማንም አልመክርም። ወደ ጀርባ የሚዞረው የስፖት ዩቪ ቅርንጫፍም እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል፤ ይህ ቫርኒሽ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደርቆ እንደ መስታወት ስለሚጠነክር መታጠፍን አይችልም፣ ዲዛይኑ ሲሠራም ከእጥፋት መስመር ርቆ መቆም ነበረበት።

ሌላው ስንጥቅ ደግሞ በመካከለኛው ገጽ ላይ ታየ። የገጹ ዳራ ሙሉ በሙሉ ቡኒ ስለነበር እጥፋቱ ላይ የወጣው ነጭ መስመር ከሩቅ ይለያል። ምክንያቱ የወረቀቱ የቃጫ አቅጣጫ ነው። ወረቀት በሚሠራበት ማሽን ላይ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ማሽኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ሰልፍ ጋር ትይዩ የሆነ እጥፋት ንጹሕ ሆኖ ይተኛል፣ ሰልፉን አቋርጦ የሚሄድ እጥፋት ግን ቃጫውን ይሰብራል፣ በላዩ ያለው የሸክላ ልባጥም ይፈረከሳል። የእኛ ብሮሸር ወረቀትን ለመቆጠብ ተብሎ በተሳሳተው አቅጣጫ ተቆርጧል። ይህን ማንም ሰው ራሱ ሊፈትሸው ይችላል፦ ከወረቀቱ አንድ ካሬ ቁራጭ ተቆርጦ አንድ ፊቱ በውኃ ሲርስ መጠቅለል ይጀምራል፣ ጥቅልሉ የሚሠራው ቱቦም ከቃጫው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ነው። ብሮሸር የሚታጠፈው በዚያው መስመር መሆን አለበት።

ስለ ክብደቱ የደረሰብንን በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። ብሮሸሩ በእጅ ሲያዝ ከጠበቅነው ይልቅ የሳሳ መስሎ ተሰማኝ፤ ስሜትን ብቻ ይዞ መከራከር ግን አስቸጋሪ ነው። የወረቀት ግራም ማለት የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው፤ ኤ4 ደግሞ የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ፣ የቢሮው 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል ልክ 5 ግራም ይመዝናል። የኤ5 ብሮሸር መካከለኛ ቅጠል ሲዘረጋ ኤ4 ነው። ስለዚህ ስቲቹን (ገጾቹን እጥፋቱ ላይ የሚያያዘውን ስፌት) ፈትቼ መካከለኛውን ቅጠል አወጣሁና ወደ ቅምሻ ክፍላችን ይዤው ሄድኩ፤ እዚያ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና የሚመዘንበት ጥንቁቅ ሚዛን አለ። በ170 ግራም ወረቀት ቢታተም 10.6 ግራም ገደማ መሆን ነበረበት፤ ሚዛኑ ያነበበው 8 ግራም ከጥቂት ነጥብ ነው፣ ማለትም 130 ግራም ወረቀት። ማተሚያ ቤቱ ሲጠየቅ 170 ግራሙ ከገበያ ስለጠፋ በሌላ እንደተካው አመነ፣ የዋጋውንም ልዩነት መለሰ። ገንዘቡ መመለሱ መልካም ነው፤ ሳያማክሩን መተካታቸው ግን በሥራ ግንኙነት ውስጥ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ የመረጥነው ምስልና የእጅ ስሜት በዚያ ወረቀት ላይ የተመሠረተ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ኅትመት ሳልመዝን አልረከብም።

ቢሮ የተረፉት ቅጂዎች ክረምቱ ሲገባ ሌላ ነገር አሳዩን። መደርደሪያ ላይ የነበሩት ሽፋኖች ማንም ሳይነካቸው ወደ ኋላ እየጎበጡ ተከፈቱ። ላሚኔሽኑ በውጭ ፊት ብቻ ስላለ ያ ፊት እርጥበት አይስብም፤ የውስጡ ፊት ግን ከአየሩ እርጥበት ስቦ ሲለጠጥ ሽፋኑ ወደ ፕላስቲኩ ወገን ይታጠፋል።

ለሁለተኛው ኅትመት ሌላ ማተሚያ ቤት ስፈልግ አምስት ቦታ ያህል ዋጋ ጠይቄያለሁ። አራቱ «ስንት ፍሬ፣ ስንት ግራም፣ ስንት ከለር» ብለው ዋጋ ጻፉልኝ። በአምስተኛው ቦታ የድኅረ ኅትመት ክፍሉን (ቆረጣውን፣ ጥረዛውንና ማጠናቀቂያውን) የሚመሩት አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው የድሮውን ብሮሸር ተቀብለው ከገለበጡት በኋላ፣ «ደንበኞችዎ ይህን ያነቡታል ብቻ ነው ወይስ ይሠሩበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዱባዩን ነገር ነገርኳቸው። ወደ ውስጥ ገብተው ከተለያየ ወረቀት የተቆረጡ፣ ምንም ያልታተመባቸው፣ በትክክለኛው መጠንና በትክክለኛው የገጽ ብዛት በስቲች የተያያዙ ሦስት ባዶ ናሙናዎች ይዘው ተመለሱ። «እስቲ እርሳስ ያውጡና በየተራ ይጻፉባቸው» አሉኝ። ይህ የማተሚያ ቤቱን አገልግሎት ከሁሉ በላይ እንዳደንቅ ያደረገኝ ነገር ነው። ባዶ ናሙና ለመሥራት የሚወጣው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ደንበኛው ግን አንዲት ነጥብ ቀለም ሳትፈስ ብሮሸሩን በእጁ ይዞ ክብደቱን፣ አከፋፈቱን፣ ድምፁን ሳይቀር ያውቀዋል። ይህን ልማድ ሁሉም ማተሚያ ቤት ቢይዘው ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

ከሦስቱ አንዱ 150 ግራም ማት ነበር። አያብረቀርቅም፤ እስክሪብቶም ይቀበላል፤ እርሳስ ግን ደብዝዞ ነው የሚታይበት፣ በጣት ደጋግሞ ሲታሽም ያው ልባጥ ያለው ወረቀት ስለሆነ ቦታው ይወለወላል። ሌሎቹ ሁለቱ ያልተለበጠ 120 ግራም ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ክሬም። እርሳሱ በሁለቱም ላይ እንደ ደብተር ወረቀት በሚገባ ያዘ። ክሬሙ ለዓይን የተመቸ ቢሆንም ፎቶግራፍን ሁሉ ወደ ቢጫ ስለሚወስድ ነጩን መረጥን። የሚገርመው፣ ይህ 120 ግራም ወረቀት በእጅ ሲያዝ የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤት 130 ግራም ግሎሲ በውፍረት ይበልጠዋል። ግራም ክብደትን እንጂ ውፍረትን አይለካም፤ ሸክላ የተቀባና የተጨመቀ ወረቀት ከባድ ሆኖ ይሳሳል፣ ያልተለበጠው ግን ቃጫው አየር ይዞ ስለሚቆይ ቀለል ብሎ ይወፍራል። «ወፍራም እፈልጋለሁ» ብሎ ግራም ብቻ የሚጨምር ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ክብደትን ነው።

ያልተለበጠ ወረቀት ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ዲዛይነሩ እንደገና እንዲሠራ ያስገድደዋል። ቀለሙ ወደ ቃጫው ስለሚሰርግ እያንዳንዷ ነጥብ ትሰፋለች፣ ምስሉ ይጨልማል፣ የጥላው ክፍል አንድ ላይ ይደፈናል። ለግሎሲ የተዘጋጀውን ፋይል እንዳለ ወስዶ በዚህ ወረቀት ላይ ማተም ፎቶግራፎቹን በጭቃ እንደ ማጠብ ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን አልቀበልም ብሎ መመለሱ ያን ዕለት ቢያስቆጣንም ትክክል ነበር፤ ዲዛይነራችን የምስሎቹን መካከለኛ ድምቀት ከፍ አድርጎ፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚደራረበውንም የቀለም መጠን ቀንሶ እንደገና አስገባ። የአርማችንን ቡኒ በተመለከተም ተመሳሳይ ችግር ገጠመን። ቀለሞች በቁጥር በሚመረጡበት በፓንቶን የቀለም መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቁጥር በ«ሲ» ሲያልቅ በተለበጠ ወረቀት ላይ፣ በ«ዩ» ሲያልቅ ባልተለበጠ ወረቀት ላይ የሚኖረውን መልክ ያሳያል፤ ቀለሙ ያው ሆኖ ሳለ መልኩ ሁለት ነው። አርማችን የተመረጠው ከተለበጠው መጽሐፍ ስለነበር እዚህ ሲታተም ገርጥቶ አቧራ መሰለ። ባልተለበጠው መጽሐፍ ላይ ለዓይን የሚቀርበውን ሌላ ቁጥር መርጠን ፈታነው። ይህ ሁሉ የታወቀው ግን የሙከራ ኅትመቱ በራሱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ስለተሠራ ነው። ለናሙና ብቻ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ከፕሪንተር የሚወጣ «ፕሩፍ» ስለዚህ ወረቀት የሚነግረን ነገር የለም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ስለ ፊደላችን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ያየኋቸው የማተሚያ መመሪያዎች በላቲን ፊደል ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ስለሆኑ ይህን ጉዳይ አይነኩትም። በግእዝ ፊደል ውስጥ አንድን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በጎን ወይም በእግር ላይ የተቀጠለ ትንሽ ጭረት ነው። በመጀመሪያው ብሮሸር ውስጥ ቡናዎቹ የሚበቅሉበት ከፍታና የዝግጅታቸው ዓይነት በ7 ነጥብ (ፖይንት) የፊደል መጠን፣ በነጭ ፊደል፣ በቡኒ ዳራ ላይ ተጽፎ ነበር። ዳራው ከአራቱ የኅትመት ቀለሞች ድርብርብ የተሠራ በመሆኑ አንዱ ፕሌት (አንዱን ቀለም የሚያትመው ሰሌዳ) በፀጉር ስፋት እንኳ ሲዛነፍ ነጩ ጭረት ይሞላል፤ «ቡ» የጎኗን ጭረት አጥታ «በ» ትመስላለች፣ «ሉ» «ለ» ትሆናለች። ባልተለበጠ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለሙ ስለሚሰፋ ችግሩ ይብሳል። በሁለተኛው ኅትመት ላይ ይህን ጽሑፍ ሁሉ ወደ 9 ነጥብ ከፍ አድርገን፣ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ብቻ እንዲታተም አደረግን፤ ውበቱ የቀነሰ የመሰላቸው ባልደረቦቼ ነበሩ፣ እኔ ግን አንድ ሰው ያለ መነጽር ሊያነበው የማይችለውን ጽሑፍ ውብ ለማለት ይቸግረኛል። ፎይሉም ያንኑ ጥፋት አሳይቷል። በቀጭን ፊደል የተጻፈው ስማችን ውስጥ ያሉት የ«መ» እና የ«ቀ» ቀለበቶች በወርቁ ተደፍነው ነጠብጣብ መስለዋል። በፎይል የሚታተም የአማርኛ ስም ከፈለግን ቀለበታቸው ሰፊ የሆኑ ፊደላትን መምረጥና መጠኑንም ከለመድነው ማስፋት አለብን።

በሁለተኛው ሽፋን ላይ ላሚኔሽን፣ ስፖት ዩቪና ፎይል ሁሉም ቀርተዋል። ሽፋኑ 300 ግራም ያልተለበጠ ወረቀት ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ብቸኛ ማጠናቀቂያ ያለ ቀለም የተረገጠ ኢምቦስ ነው፦ የቡና ቅርንጫፉ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ በጥላው ብቻ ይታያል። ላሚኔሽኑን፣ ስፖት ዩቪውንና ፎይሉን በመተው የቀረልን ወጪ የኢምቦሱን ብረት ቅርጽ ከፍሏል። ሥራው እጅግ ጥሩ ነው። ለስላሳና ወፍራም ወረቀት ስለተመረጠ ቅርጹ ሳይቀደድ ጥልቀት አግኝቷል፤ በሽፋኑ ውስጠኛ ፊት ላይ የሚታየው ጎድጓዳም ምንም ጽሑፍ እንዳይነካ ቦታው አስቀድሞ ባዶ ተደርጓል። ይህን የጠየቁንም የድኅረ ኅትመቱ ኃላፊ ናቸው። ሽፋኑን ባየሁ ቁጥር የብራና መጻሕፍታችን ድጉስ ይታወሰኛል፤ በቆዳ በተለበጠው የእንጨት ሰሌዳ ላይ መስቀሉና ሐረጉ የሚወጡት በጋለ ብረት ተረግጠው ነው፤ ያለ ቀለምና ያለ ወርቅ፣ ቆዳው ራሱ ብርሃንና ጥላ ይሠራል። ብራና ፋቂውም ሆነ ጸሐፊው የቆዳውን የጠጉር ወገን ከሥጋ ወገኑ ለይተው ያውቃሉ፤ ቀለም በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት አይዝምና። የሚጻፍበትን ነገር ጠባይ ማወቅ በአገራችን አዲስ ጥበብ እንዳልሆነ ሳስብ፣ ዛሬ ብሮሸር ስናዝ ስለ ወረቀቱ የምንናገረው በጥቂቱ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የሁለተኛው ማተሚያ ቤት አገልግሎት እንከን የለበትም ማለት ግን አልችልም። የሰጡን ዋጋ የሚጸናው ለአምስት ቀን ብቻ ነበር። የምንጠቀምበት ወረቀት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን በመሆኑም ነጋዴው ዋጋ ለረጅም ጊዜ አስሮ መያዝ እንደሚፈራ ይገባኛል፤ ሆኖም የእኛ ድርጅት ክፍያ በአምስት ቀን ውስጥ ተፈርሞ ስለማያልቅ ዋጋው አንድ ጊዜ ተከልሶብናል። ርክክቡም ከተባለው ቀን በስድስት ቀን ዘግይቷል። ከስድስቱ ሁለቱን አልቃወማቸውም፤ ያልተለበጠ ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ቆረጣና ወደ ጥረዛ ከገባ ገጹ ገጹን ያቆሽሻል፣ እነርሱም ሁለት ቀን አሳድረውታል። የቀሩት አራት ቀናት ግን በመቁረጫው ማሽን ብልሽት የባከኑ ናቸው፤ ይህንንም የተረዳሁት ደውዬ ስጠይቅ ነው። ቀድመው ቢነግሩኝ ጉዞአችንን አስመልክቶ የነበረው ጭንቀት በግማሽ በቀነሰ ነበር።

በሥራው ላይም ሁለት ጉድለቶች አግኝቻለሁ። ወደ አርባ በሚጠጉ ቅጂዎች ላይ ስቲቹ ከእጥፋቱ መስመር ወጣ ብሎ አርፏል፤ ሳሳያቸው ያለ ክርክር ቀይረውልኛል። ሁለተኛው ጉድለት በሁለታችንም ውሳኔ የመጣ ነው። ሙሉ በሙሉ ቡኒ የሆነው መካከለኛ ገጽ ብሮሸሩ ሻንጣ ውስጥ ሲፋተግ በአጠገቡ ባለው ነጭ ገጽ ላይ ደብዘዝ ያለ እድፍ ይተዋል። ማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ ይህን ነግሮን በቀጭን መከላከያ ቫርኒሽ እንዲሸፈን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ቫርኒሹ እርሳስ እንደሚከለክል ስለሰጋን አልፈቀድንም። አሁን ሳየው መፍትሔው ቫርኒሽ ሳይሆን ያን ያህል የጨለመ ዳራ ባልተለበጠ ወረቀት ላይ አለማሳተም ነበር፤ ፎቶግራፍ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢሆን ኖሮ ችግሩ አይፈጠርም።

ከዚህ ተነስቶ ግሎሲ ወረቀት መጥፎ ነው የሚል ካለ አልተግባባንም። የአበባ ላኪ፣ የቤት ዕቃ አምራች ወይም የጌጣጌጥ ሻጭ ብሮሸር የሚፈልገው የቀለም ጥራትን ነው፤ ሰው አይቶ ይመርጣል እንጂ አይጽፍበትም። ለእነዚህ 150 ግራም ግሎሲ ወይም ማት ከበቂ በላይ ነው። በመንገድ ላይ ለሚታደል በራሪ ወረቀትም ውድ ማጠናቀቂያ መጨመር ገንዘብን ማባከን ነው። ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር ለሚያሳትሙ አንድ ነገር ብቻ ላክል፦ ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍል ከሁለቱ ጠበብ ማለት አለበት፤ የኤ4 297 ሚሊ ሜትር እኩል ለሦስት ከተከፈለ የውስጡ ክፍል እጥፋቱን እየገፋ ይጎብጣል፣ 100፣ 100 እና 97 ሆኖ ሲከፈል ግን በሰላም ይተኛል። ይህን ለዲዛይነሩ የማይነግር ማተሚያ ቤት ስንት እንደሆነ በጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩት ብሮሸሮች ይመሰክራሉ።

ሁለተኛውን ብሮሸር ይዘን በተመለስንበት አውደ ርዕይ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ገዢ ሁለት የጉጂ ናሙናዎችን እንደገና ለመቅመስ ወደ ጠረጴዛችን ተመለሱ። ብሮሸሩን ከቦርሳቸው ሲያወጡት ጠርዙ በቡና ረጥቦ ነበር፤ በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮችና ምልክቶች ተደርድረዋል፣ ከአንዱ ናሙና ስም አጠገብም ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ክብ አለ። ከኅዳጉ ጥበት የተነሳ የመጨረሻው ማስታወሻ ወደ ፎቶግራፉ ገብቶ ነበር። ለቀጣዩ ኅትመት ያው ማተሚያ ቤት ዋጋ እንዲሰጠን ስጠይቅ ያስገባሁት ለውጥ አንድ ነው፦ ከእያንዳንዱ ቡና ገለጻ በታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ፣ ፈዘዝ ባለ ግራጫ መስመር የተሰመረበት፣ ሌላ ምንም የማይታተምበት።